አሜሪካ የነገሠ ዘፈን ፍራንክፈርት ሲደርስ ለምን ሰሚ ያጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኙ የሞርጋን ዋለን «ላስት ናይት» በ2023 አሜሪካ ውስጥ 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ ለንደን ያለችው የአክስትሽ ልጅ ስሙን እንኳን ሰምታ እንደማታውቅ ጽፈሻል። «የአውሮፓ ሰው ጆሮው ይለያል እንዴ?» ነው ጥያቄሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ዘጠኝ ዓመት ቨርጂኒያ እየኖርኩ ትራክ ነድቻለሁ። አሁን ፍራንክፈርት ዕቃ የማደርስ ሹፌር ነኝ። ሁለቱንም አገር ያወቅኩት በመኪና ሬዲዮ ነው ማለት ይቻላል። እንደኔ ጉዳዩ የጆሮ አይደለም። ዘፈኑ ሰው ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው የሚለያየው።

አሜሪካ ውስጥ የካንትሪ ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውቱ ከ2,000 በላይ የሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ። ኢንተርስቴት 81 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ከቨርጂኒያ ወደ ቴነሲ ስወርድ፣ ተራራው አንዱን ጣቢያ ሲያቋርጠው ሌላው ይቀበለኛል። የጣቢያው ስም ይቀየራል፣ የአቅራቢው ድምፅ ይቀየራል፣ ዘፈኑ ግን ያው ነው። አንዱን ዘፈን በአንድ ጉዞ አምስት ጊዜ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ያሰለቸኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን መሪውን እየደበደብኩ አብሬ እዘፍን ጀመር። ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው፤ ሬዲዮው አብሮት ነው።

በዚያ ላይ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ ዋና የዘፈን ሰንጠረዥ ደረጃ የሚወጣው ከሽያጭና ከስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ከሚሰማው) በተጨማሪ በሬዲዮ የተጫወተውም ተቆጥሮ ነው። የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሬዲዮን አይቆጥርም፤ የተሸጠውንና በስትሪሚንግ የተሰማውን ብቻ ነው የሚያየው። የዋለን ዘፈን በስትሪሚንግም ኃይለኛ ነበር፤ በሬዲዮ ብቻ ነው የወጣው ብዬ አልበድለውም። ግን እንግሊዝ ውስጥ ከ10ሩ ውስጥ እንኳን አልገባም። ለንደን ውስጥ ያንን ዘፈን ጠዋት ማታ ጆሮሽ ላይ የሚደግም ጣቢያ ካልገጠመሽ፣ ከየት ታውቂዋለሽ?

ሁለተኛው ነገር ግጥሙ ነው። ይህን የተረዳሁት አንድ ምሽት እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። የሥራ ባልደረባችን ልደት ነበር። ሙዚቃ ምረጥ ሲሉኝ የአሜሪካዊውን የካንትሪ ዘፋኝ የጋርዝ ብሩክስን «ፍሬንድስ ኢን ሎው ፕሌስስ» ከፈትኩ። በ1990 የወጣ ነው። ቴነሲ ውስጥ አንድ ትራክ ስቶፕ (የከባድ መኪና ሹፌሮች ማረፊያ) ይህ ዘፈን ሲጀምር፣ ካሸሯ፣ ቡና የሚቀዳው ሽማግሌ፣ ወረፋ የያዝነው ሹፌሮች ሁላችን አዝማቹን አብረን ስንዘፍን ትዝ ይለኛል። ቆዳዬ ነው የተንዘፈዘፈው። ፍራንክፈርት ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ።

እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አይደለም። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በቡት ጫማው የቀድሞ ፍቅረኛውን የሀብታም ድግስ ይገባባታል። እኛ «ትልቅ ቦታ ሰው አለው» እንደምንለው፣ አሜሪካኖችም እንዲሁ ይላሉ። እሱ ገልብጦት «እኔ ዝቅ ያለ ቦታ ነው ወዳጆች ያሉኝ» አለ፤ መጠጥ ቤቱን ማለቱ ነው። ያንን አባባል በልጅነቱ ያልሰማ ሰው ቃሉን ይሰማል እንጂ ቅኔው አይገባውም። እኔ ራሴ የገባኝ በሦስተኛው ዓመቴ ነው።

ከዚያ አንዷ ልጅ የጀርመንኛ ዘፋኟን የሄለኔ ፊሸርን «አተምሎስ ዱርሽ ዲ ናኽት» ከፈተች። ቤቱ ተነሳ! አያቶች ሳይቀሩ በጭብጨባ። በ2014 ጀርመን የዓለም ዋንጫ በልታ ስትመለስ በርሊን ላይ ከተጫዋቾቹ ጋር የተዘፈነው ይኸው ነው። አሜሪካ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ግን አንድም ቀን በሬዲዮ ሰምቼው አላውቅም። አየሽ፣ ነገሩ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ከጀርመን የተነሣውን የቦኒ ኤም ቡድን ውሰጂ። ቤታችን ካሴታቸው ስለነበር የዓለም ሁሉ ንጉሥ ይመስሉኝ ነበር። «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» በ1978 እንግሊዝ አምስት ሳምንት አንደኛ ነበር፤ አሜሪካ ግን 30ኛ ላይ ቆመ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሮቢ ዊሊያምስም አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ «ኤንጅልስ» አሜሪካ 53ኛ ነው የደረሰው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። ፈረንሳይ ከ1996 ጀምሮ ሬዲዮዎቿ 40 በመቶ የፈረንሳይኛ ዘፈን እንዲያጫውቱ በሕግ አስገድዳለች። ጀርመንም ወጣቱ የራሱን ቋንቋ ራፕ ነው የሚሰማው። ለአሜሪካ እንግዳ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው።

ሰዎች ግን አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ዘፋኙ ራሱ ይመጣል ወይ? አገሩ ላይ ስታዲየም የሚሞላለት ካንትሪ ዘፋኝ ውቅያኖስ ተሻግሮ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ለምን ይለፋል? ጋርዝ ብሩክስ ግን አየርላንድ በ1997 ሄደ። አይሪሾች ቫዮሊኑንም፣ ታሪክ የሚተርክ ዘፈኑንም ከድሮ ጀምሮ የራሳቸው አድርገው ያውቁታል። በ2022 ሲመለስ ደብሊን ክሮክ ፓርክ ስታዲየም አምስት ሌሊት ዘፈነ። አየርላንድም አውሮፓ ናት እኮ! ስለዚህ «አውሮፓ አይወድም» የሚለውን እኔ አልቀበልም።

አሁን ደግሞ ቲክቶክ ሬዲዮውን እየዘለለው ነው። ካንትሪና ራፕ የቀላቀለው፣ በቲክቶክ የተዛመተው የሊል ናስ ኤክስ «ኦልድ ታውን ሮድ» በ2019 አሜሪካ 19 ሳምንት ሲነግሥ፣ እንግሊዝም አንደኛ ወጥቷል። ሞርጋን ዋለንም ቢሆን በ2024 ጁላይ ላይ ለንደን ሃይድ ፓርክ ዋና ዘፋኝ ሆኖ ቆሟል። የአክስትሽን ልጅ እስቲ እንደገና ጠይቂያት።