«በሰው በኩል» የሚገባ ዶላር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። ድሮ ሰርግና ምርቃት ነበር የምሠራው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ለውጭ ደንበኞች እየሠራሁ ነው። አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የሐይቅንና የአካባቢውን ፎቶዎች ይገዛኛል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ደግሞ ፕሮጀክቶቹን እንዳነሣለት ያዘኛል። አሁን አሳታሚው መደበኛ ኢንቮይስ እንድልክና አንድ የታክስ ፎርም እንድሞላ ጠየቀኝ። ኢንቮይሱ ላይ ምን ይጻፋል? በዶላር ነው በብር? ቫትስ እጨምራለሁ? ክፍያው እስካሁን በአክስቴ ልጅ በኩል ነበር፣ አሜሪካ ናት። እሱ ችግር የለውም፣ ብሩ በማግስቱ ይገባልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኢንቮይሱ የጠየቅሽኝ ቀላል ነው፤ ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ። እኔን ያስቆመኝ «ችግር የለውም» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ኢንቮይሱ ላይ ሙሉ ስምሽ ይኑር፤ በፋይዳሽና በባንክ ሂሳብሽ ላይ በላቲን ፊደል በተጻፈበት መልኩ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አሥር ዓይነት ይሆናል። ስሙ ካልገጠመ ደግሞ ባንኩ የመጣውን ገንዘብ ሊይዘው ወይም ሊመልሰው ይችላል። ከዚያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽ፣ አድራሻሽ፣ የደንበኛው ስምና አድራሻ፣ ተራ ቁጥርና ቀን፣ የሥራው ዝርዝር፣ የገንዘቡ መጠን፣ የመክፈያው ቀነ ገደብ፣ የባንክሽ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርሽና የባንኩ የስዊፍት ኮድ (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበት ኮድ)። የማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ጻፊ። ካልተጻፈ መሐል ላይ ያሉት ባንኮች እየቆነጠሩ ከተስማማሽው ያነሰ ይደርስሻል። ደንበኛው ውጭ ካለ በዶላር መጻፍ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አትርሺ፤ ኢንቮይስ «ክፈሉኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ገቢዎች የሚያውቀውን ደረሰኝ አይተካም።

ቫት 15 በመቶ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ለቫት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ካልተመዘገብሽ ኢንቮይሱ ላይ «ቫት» የሚል ቃል እንዳይታይ። ከተመዘገብሽ ደግሞ ወደ ውጭ የተላከ አገልግሎት በዜሮ ምጣኔ፣ ማለትም ቫቱ ዜሮ በመቶ ሆኖ፣ ሊታይልሽ ይችላል። ሊታይ ይችላል ያልኩት ደንበኛው ውጭ እንዳለ፣ ሥራውም ውጭ እንደሚውል፣ ገንዘቡም ከውጭ እንደመጣ በወረቀት ማሳየት ስላለብሽ ነው። የወረቀቱን ነገር ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የገቢ ግብርም አለ። ነዋሪነትሽ ኢትዮጵያ ስለሆነ ገቢሽ ከየትም ይምጣ ከየት ግብር ይመለከትሻል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 እንዲህ ይላል፤ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻልም ይህ አልተነሣም። በግል የምትነግጂ ስለሆንሽ ግብርሽን የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ የምትሄጂውም ወደ ከተማው ገቢዎች ነው። ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ልጠይቅሽ። ንግድ ፈቃድ አለሽ? አንድም ቦታ አልጠቀስሽውም። ሰርግ ስትሠሪ ስለነበር ይኖርሻል ብዬ ልገምት፤ ግን በአንቺ ስም ነው ወይስ ስቱዲዮው የሌላ ሰው ነበር? የሌላ ሰው ከነበረ ያ ፈቃድ ላንቺ አይሠራም። ይህን ሳታስተካክይ ሌላውን ብትጀምሪ መሠረት የሌለው ቤት ነው።

አሁን ወደ አክስትሽ ልጅ።

አሳታሚው የላከልሽ ፎርም ደብሊው-8 ቤን የሚባለው ይመስለኛል። አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ከፋይ ገንዘብ ሲቀበል የሚሞላው ነው። ፎርሙ ላይ «የገንዘቡ እውነተኛ ባለቤት እኔ ነኝ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ቃልሽ ሐሰት ከሆነ ደግሞ በአገራቸው ሕግ ያስቀጣል። ይህን ፈርመሽ ስታበቂ «ክፍያውን በአክስቴ ልጅ አካውንት አስገቡልኝ» ልትዪ ነው? በፎርሙ አንድ ሰው፣ በአካውንቱ ሌላ ሰው። አሳታሚው ፎርሙን የጠየቀሽ ሂሳቡን እያጣራ ስለሆነ ነው፤ ይህን ሳያይ አያልፍም።

እግረ መንገዴን ስለዚሁ ፎርም አንድ ነገር ልጨምር፣ ገንዘብ ያድንልሻል። እዚህ ሆነሽ በጉልበትሽ የሠራሽው የማንሣት ሥራና ፎቶውን አሜሪካ ውስጥ እንዲጠቀሙበት የምትሰጪው ፈቃድ በአሜሪካ ሕግ አንድ አይደሉም። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ አገልግሎት እዚያ አይታክስም። ለአጠቃቀም ፈቃድ የሚከፈለው ግን 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ደግሞ ድርብ ግብር የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ ኢንቮይሱ ላይ «ለፎቶ» ብለሽ በጅምላ አትጻፊ። የማንሣቱን ለብቻ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን ለብቻ አስቀምጪ። ክፍፍሉ እውነተኛና ከውሉ ጋር የሚገጥም ይሁን። ከፈረምሽ በኋላ ማረም ስለሚከብድ ፎርሙን ሳትፈርሚ ለባለሙያ አሳዪው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ብሩ በማግስቱ ይገባልኛል» ብለሻል። እስኪ ባንክሽ ሂጂና የሁለት ዓመቱን ስቴትመንት (የሂሳብሽን የገቢና ወጪ ዝርዝር) አስወጪ። ብሩን ያስገባው ማን እንደሆነ ስሙን አንብቢ። የአክስትሽ ልጅ ስም አለ? ዶላር በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ ሐዋላ ሲላክ ላኪው ይታወቃል፣ ምንዛሪው በወረቀት ይታያል። ስቴትመንቱ ላይ የማታውቂያቸው የአገር ውስጥ ሰዎች ስም ከተደረደረ ግን ዶላሩ ኢትዮጵያ አልገባም ማለት ነው። እዚያው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እዚህ ደግሞ የዚያ ሰው ወገን ከኪሱ ብር አስገብቶልሻል። ይህ ጥቁር ገበያ ነው። አንቺ እንዲህ ብለሽ አስበሽው ላይሆን ይችላል። የአክስትሽ ልጅም ምንዛሪው ይሻልሻል ብላ በቅንነት አድርጋው ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ግን ፈቃድ በተሰጣቸው ባንኮችና ተቋማት በኩል ብቻ እንዲመነዘር የብሔራዊ ባንክ ሕግ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 346 ሕገ ወጥ የምንዛሪ ዝውውርን ወንጀል አድርጎታል።

ስንት ልጆች በዚህ ጉዳይ ቢሮዬ መጥተው ያውቃሉ! ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ዌብሳይት የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙ፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፣ ሁሉም «በሰው በኩል» ነው የሚሉት። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ፔይፓል ኢትዮጵያ ሆኖ ለመቀበል አይሠራም፣ ባንክ ሲሄዱ ጥያቄው ይበዛል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ዶላሩን 57 ብር አካባቢ ሲመነዝር በጥቁር ገበያ ያለው ዋጋ እጥፍ ገደማ ነበር። ወሎ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ውጭ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ሳዑዲ አለ፣ ዱባይ አለ፣ አሜሪካ አለ። ዘመድ ስላለ መንገዱ ቀላል ይመስላል። አንድ ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ የአጎቱ ልጅ ወራት ያጠራቀመለትን ክፍያ «ታክስ በስሜ መጣብኝ» ብሎ ያዘበት። ልጁ ክስ ልመሥርት አለ። ምን ማስረጃ አለህ ስለው ያሳየኝ የቴሌግራም መልእክት ነበር፤ እሱም ላይ የጻፉት «ዕቃው ደርሷል» እያሉ ነው። ዶላር መሆኑን የሚናገር አንድ ቃል የለም። ችሎት ፊት ቆሞ ገንዘቡ የእኔ ነው ለማለት መጀመሪያ እንዴት ይመነዝሩት እንደነበር መናገር ነበረበት። ተወው።

የአንቺም ዘመድ ታክስ ይመጣባታል። አሳታሚው የከፈላት ገንዘብ በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ዘንድ የሷ ገቢ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። እዚህ ደግሞ ባንኮች የሚያጠራጥር ዝውውር ሲያዩ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ብር ካስገቡልሽ ሰዎች አንዱ በሌላ ነገር ቢጠረጠር ምርመራው ያንቺንም ሂሳብ ይነካል፤ ሂሳብሽም ሊታገድ ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሽው ሥራም በወረቀት የለም። ነገ ካሜራ ለመግዛት ብድር ብትጠይቂ፣ ለኤግዚቢሽን ቪዛ ብትጠይቂ፣ «ገቢሽ ከየት ነው?» ስትባዪ የምታሳዪው የማታውቂያቸው ነጋዴዎች ስም ነው። የቫቱን ወረቀት ያዢልኝ ያልኩሽም ለዚህ ነበር። ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱን የሚያሳይ ከሌለ የዜሮው ምጣኔም ያመልጥሻል።

«ታዲያ ውክልና ልስጣት?» ትዪ ይሆናል፣ ብዙዎች ይጠይቁኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1741 መሠረት ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ውክልናው አሳታሚው ለሷ መክፈሉን ያጸናዋል። ዶላሩ እንዴት አገር እንደሚገባ ግን አይመልስም። ውክልና ኖረም አልኖረም ጥቁር ገበያው ጥቁር ገበያ ነው።

አብሽሪ፣ መንገድ አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የባንክና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ እንዲቀራረብ ገበያውን ለቀቀው፤ የባንኩም ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ግለሰቦችም በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱ ፈቀደ። ስለዚህ ፈቃድሽን፣ ውልሽንና ኢንቮይስሽን ይዘሽ ባንክሽ ሂጂ። የትኛውን ሂሳብ እንደሚከፍቱልሽ፣ ስንቱን በዶላር ማቆየት፣ ስንቱን መመንዘር እንዳለብሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፤ መመሪያው ይሻሻላል፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍም አነጋገሩ ይለያያል። ከአንድ ባንክ ካልተግባባሽ ሁለተኛ ባንክ ሂጂ።

ስላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ወደ ኋላ ቀን ጽፈሽ ኢንቮይስ እንዳታዘጋጂ። ብዙ ሰው በድንጋጤ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ያን ጊዜ የግብር ጉዳይ የነበረው የሐሰት ሰነድ ጉዳይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ምንም አታጥፊ። ኢሜይሉን፣ ቴሌግራሙን፣ ፎቶዎቹን ከነቀናቸው ሰብስቢ፣ ቅጂ አውጪና ሌላ ቦታ አስቀምጪ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እዚህ አገር ስንት ፋይል እንደጠፋ ታውቂያለሽ። ሦስተኛ፣ ስለ ምንዛሪው ለማንም በጽሑፍ አታስረጂ፣ ጠበቃ ሳታማክሪ። ግብሩን ራስሽ ቀድመሽ ብታሳውቂ ተደርሶብሽ ከመያዝ በጣም ይሻላል። እንዴትና በምን ቃል እንደምታሳውቂ ግን ስቴትመንቱን ያየ ባለሙያ ይንገርሽ። እኔ ከዚህ ሆኜ፣ ወረቀትሽን ሳላይ፣ እንዲህ በዪ ብል አጠፋሻለሁ።

ሊረሳኝ ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቱ አዲስ አበባ ቢሮ አለው? ካለውና ውሉን የፈረመው ያ ቢሮ ከሆነ ነገሩ የአገር ውስጥ ሥራ ነው። በብር ይከፈልሻል፣ ቅድመ ግብርም (ከክፍያሽ ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር) ይቀንሱልሻል፤ የቀነሱበትን ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትሄጂ። ውሉ ላይ የፎቶዎቹ መብት የማን እንደሆነም እዪ። በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ፎቶ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። በትእዛዝ የተሠራ ሲሆን ግን ውሉ ዝም ካለ መብቱ ወደ አዛዡ ሊሄድብሽ ይችላል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማስረከቢያው ቀን እንደሚራዘምም አስጽፊ፤ እኛ አካባቢ ይህ ያስፈልጋል።

ለአሳታሚው ዛሬውኑ ጻፊለት፤ የባንክ ሂሳቤን እስክልክ ቀጣዩን ክፍያ ያዙልኝ በዪ፣ ደንበኛ በዚህ አይከፋም። ከዚያ በፊት ግን ለአክስትሽ ልጅ ደውዪላት። በስሟ የገባውን ገንዘብ ዝርዝር ከነቀኑ ትላክልሽ፤ እሷም እዚያ የግብር ባለሙያ ታማክር። በስሟ ወረቀት ሊመጣባት እንደሚችል መጀመሪያ መስማት ያለባት ካንቺ ነው።