ስለ ናሽናል የብረት ማንዶሊን ከአንባቢያን የደረሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ማንዶሊን የእንጨት መሣሪያ ሆኖ ሳለ በብረት መሥራት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ድምፁን ለማጉላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ ማጉያ ገና ስላልተለመደ፣ ባለ ክር መሣሪያ በጥሩምባና በከበሮ መካከል ይዋጥ ነበር። ከስሎቫኪያ የፈለሰው መሣሪያ ሠሪ ጆን ዶፕዬራና ሙዚቀኛው ጆርጅ ቢቻም በሎስ አንጀለስ ያቋቋሙት ናሽናል የተባለ ኩባንያ ለዚህ ያበጀው መላ፣ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ፣ ኮን የሚባል ሾጣጣ ማስቀመጥ ነው። ክሮቹ ያረፉበት ኮርቻ ቢስኩት በምትባል ክብ እንጨት ላይ ተተክሎ ከኮኑ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ኮኑ ይወርዳል። የአየለ ማሞን ማንዶሊን ለለመደ ጆሮ ድምፁ መጀመሪያ ሻካራ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ጥራቱንና ፍጥነቱን እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የጀርመን ብር ነው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። ብር አለበት?

መልስ፦ የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው። ይሁንና ናሽናል የተሻሉ ሞዴሎቹን የሠራበት ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ሲሄዱ ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ አጥብቆ ከተጣበቀ አካሉ ተራ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ ስጫወት እንደ ንብ ይጮህብኛል። አዲስ ኮን ልግዛ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ኮኑን ከላይ የሚከድነውን ሽፋን ብሎኖች ይፈትሹ፤ ቀጥሎም የኮኑ ጠርዝ ዙሪያውን ሳይዛነፍ በማረፊያው ላይ መቀመጡን፣ በመካከሉም ቆሻሻ አለመግባቱን ይመልከቱ። ኮኑን በቦታው የሚይዘው ሙጫ ሳይሆን የክሮቹ ጫና ስለሆነ፣ ስምንቱንም ክር በአንድ ጊዜ የፈታ ሰው ኮኑን ከቦታው ሊያናጋው ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ፈትተው አዲሱን ካሰሩ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው ይለፉ። ቀጭን ክር ይምረጡ። አንድ ጊዜ ሽፋኑን ከፍተን ያየነው ኮን፣ የቀድሞ ባለቤቱ የጊታር ክር ስላሰረበት፣ መሃሉ በአውራ ጣት የተጫኑት ያህል ወደ ውስጥ ሰምጦ ነበር። እንዲህ ከሆነ መቀየሩ ግድ ነው፤ ያም ሆኖ አሮጌውን ኮን እባክዎ አይጣሉት፣ ጠቅልለው ከሣጥኑ ውስጥ ያኑሩት፤ የመሣሪያው ታሪክ አካል ነውና።

ጥያቄ፦ ደብዝዟል፤ ኒኬል ላስለብጠው?

መልስ፦ በፍጹም። ለመለበጥ ሲባል የሚደረገው ፍተጋ በአካሉ ላይ የተቀረጹትን የአበባ መስመሮች ይበላቸዋል፤ የተበላ ቅርጽ ደግሞ አይመለስም። ከተጫወቱ በኋላ የእጅዎን ላብ በለስላሳና ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።