በክረምት ቦርከና ላይ መቅዘፍ

ጥያቄ፦ በኦሞ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ ሁለት ጊዜ ቀዝፌአለሁ። በመጪው ነሐሴ ቦርከናን ከኮምቦልቻ በታች በካያክ (በጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ልሞክረው አስቤአለሁና ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በነሐሴ እንዳይገቡ አጥብቀን እንለምንዎታለን። የወንዝ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ የሚለካ ሲሆን ለመካከለኛ ቀዛፊ የሚስማማው 3ኛው ነው፤ ነገር ግን ደራሽ ውኃ ይህን በሰዓታት ውስጥ ይለውጠዋል፤ ድፍርሱም ድንጋዩን ይሸፍናል። ከዐለት ይልቅ የሚያስፈራው ግን የወደቀ ዛፍ ነው፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያልፍ ሰውን አጣብቆ ያስቀራል። ከጀልባ ቢወድቁ፣ እግርዎ በድንጋዮች መካከል ሊቀረቀር ስለሚችል በኃይለኛው ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክሩ፤ ተንጋልለው፣ እግርዎን ወደ ታች ወደሚፈሰው አቅጣጫ አስቀድመው፣ በክንድዎ ወደ ዳር ይቅዘፉ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ዳር ዳሩን በእግር ሄደው ይመልከቱት።