መልስ፦ «አርክ ሮያል» ፎክላንድ ላይ ብትኖር ኖሮ

ብሪታንያ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቧን «አርክ ሮያል»ን በ1979 ባታሰናብት ኖሮ ከአርጀንቲና ጋር ያደረገችው የ1982ቱ (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፎክላንድ ጦርነት ይለወጥ ነበር ወይ ብለሃል። ብዙ ሰው ፋንተም ተዋጊዎቿን ያነሳል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጉድለት ከእሷ ጋር የሄዱት ጋኔቶች፣ ማለትም ራዳር ተሸካሚ አውሮፕላኖቹ ናቸው። ወደ ጦርነቱ የዘመቱት የብሪታንያ ተሸካሚዎች «ኸርሚስ» እና «ኢንቪንሲብል» ካታፑልት (አውሮፕላን ወንጭፎ የሚያስነሳ መሣሪያ) ስላልነበራቸው ጋኔት ማስነሳት አይችሉም ነበር።

ምድር ክብ ናትና ከባሕሩ 30 ሜትር ከፍ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን ለመርከብ ራዳር የሚታየው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ሜይ 4 ቀን የብሪታንያን የጦር መርከብ «ሼፊልድ»ን በኤግዞሴት ሚሳይል የመቱት የአርጀንቲና ሱፐር ኤታንዳር አውሮፕላኖች የተጠቀሙበት ይህንኑ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ያለ ራዳር ግን አድማሱ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ፋንተሞቹ ቀድመው ለመጥለፍ ጊዜ ያገኙ ነበር። እርግጥ የጋኔት ራዳር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥሪት ነው፤ ማዕበል ሲበረታ የውሃው ነጸብራቅ ዒላማውን ይሸፍንበታል።

ሌላው ነፋስ ነው፤ ከተሸካሚ መርከብ ላይ የሚነሳ አውሮፕላን ከፊት የሚመጣ ነፋስ ያስፈልገዋል። ሜይ 2 የአርጀንቲናዋ ተሸካሚ መርከብ «ቬንቲሲንኮ ደ ማዮ» ነፋሱ ቢደክምባት ቦምብ የጫኑ ስካይሆክ አውሮፕላኖቿን ማስነሳት አቃታት። ትልቅና ፈጣን መርከብ የጎደለውን ነፋስ በራሷ ሩጫ ትሞላዋለች። በተቃራኒው መርከቧ ክፉኛ ስትናጥና ጭጋግ ሲወርድ፣ ብሪታንያ በጦርነቱ የተጠቀመችበት፣ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ሲ ሃሪየር ተዋጊ ከፋንተም ይሻላል።