ከሃይላንዱ በፊት ጀሪካኑን እዩ

ልጆቼ፣ በአዋላጅ ነርስነት ያረጀሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ዛሬ ዛሬ ወጣት ሴቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሃይላንድ ነው። «ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ መካን ያደርጋል እንዴ?» ይሉኛል። ትኩስ ነገር በፕላስቲክ ባትይዙ ደስ ይለኛል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ጓዳ የተቀመጠው የፀረ ተባይ ጀሪካን ነው።

ከጣና ዳር እስከ ፎገራ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ጫቱም ይረጫል። ባል ረጭቶ ይገባል፤ ልብሱን የምታጥበው ሚስት ናት፣ አንዳንዴም ነፍሰ ጡር። ዕቃው ባዶ ሲሆን ታጥቦ ዘይት ወይም ውሃ ይያዝበታል። ኧረ ተዉ! መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፣ በእጥበት አይለቅም። ውሃውን ብታፈሉትም የሚሞተው ጀርሙ ነው።

የወር አበባውንም ፅንሱንም የሚመራው ሆርሞን ነው፤ እሱ ደግሞ በጥቂቱ ብዙ ይሠራል። አንዳንድ ኬሚካል ሆርሞን መስሎ ይገባል። እናቶቻችን ለወባ ቤታቸው ሲረጭ የሚያውቁት ዲዲቲ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእርሻ ከልክሎታል። ስብ ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ይቆያል፣ በእንግዴ ልጅ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ በጡት ወተትም ይወጣል። (ጡት አታጥቡ ማለቴ አይደለም። አጥቡ!)

ሴት ልጅ የምትወለደው ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆን የእንቁላል ክምችቷን ይዛ ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ ያረገዘች እናት ማሕፀን ውስጥ የወደፊት የልጅ ልጆቿም እንቁላል አለ። በፅንስ ጊዜ የገባ ነገር ቆይቶ እንደሚመጣ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን እንዳያስወርዳቸው እየተባለ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን ሴት ልጆቻቸው ላይ፣ ገና በወጣትነታቸው፣ እምብዛም የማያጋጥም የብልት ካንሰር መገኘቱ ታወቀ።

ልጅ የዘገየበት ሁሉ ኬሚካል ነው አልልም። ያልታከመ የአባላዘር በሽታም የማሕፀን ቱቦ ይዘጋል፣ ዕድሜም አለ። ደግሞ እናንተ ወንዶች፣ የሚረጨው የወንዱንም ዘር ይጎዳል፤ ሚስትን ብቻዋን ሐኪም ቤትና ጠበል ማመላለስ ይብቃ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ አትርጭ፣ ስትረጩም አጠገብ አትቁም። የረጨ ሰው ልብሱን ራሱ፣ ለብቻው ይጠብ። ባዶውን ዕቃ ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ክሊኒክ ስትሄዱ የምትረጩትን ጠርሙስ ጽሑፍ በስልካችሁ አንስታችሁ አሳዩ። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተው አንሱበት።