መነሻው ውሸት ሆኖ ሙግቱ እንዴት ቫሊድ ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሎጂክ ፈተና ሁለት ጥያቄ ስቻለሁ፤ እስካሁን አልተዋጠልኝም። አንደኛው «ወፎች ሁሉ ይበራሉ። የሌሊት ወፍ ወፍ ናት። ስለዚህ የሌሊት ወፍ ትበራለች» የሚል ነው። መነሻዎቹ ውሸት ስለሆኑ «መጥፎ ሙግት» አልኩ። መምህሩ «ቫሊድ ነው» ብለው ኤክስ አደረጉብኝ። ሁለተኛው «ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠይቀው አብዛኞቹ ይህን እጩ እንመርጣለን አሉ፤ ስለዚህ ያሸንፋል» ይላል። ያን ያህል ሰው ተጠይቆማ «ጠንካራ ነው» አልኩ። እሱም ኤክስ። ታዲያ እንዴት ነው የሚመዘነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሎጂክ ሳስተምር ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚሁ ጋ ነበር። ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ቀላቅለሻል። አንዱ «መነሻዎቹ ድምዳሜውን ይሸከሙታል ወይ?» ነው። ሌላው «መነሻዎቹ እውነት ናቸው ወይ?» ነው። ለየብቻ ጠይቂያቸው።

የሌሊት ወፏን እንያት። ስሟ ያሳስታል እንጂ ወፍ አይደለችም፤ ልጆቿን የምታጠባ እንስሳ ናት። ሰጎንና ፔንግዊን ደግሞ ወፍ ሆነው አይበሩም። ሁለቱም መነሻዎች ውሸት ናቸው። ግን ለአፍታ እውነት ናቸው እንበል። ወፍ ሁሉ የሚበር ከሆነ፣ እሷም ወፍ ከሆነች፣ ላትበር ትችላለች? አትችልም። ቫሊድ የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ላይ መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ሲሆኑ «ሳውንድ» ይባላል። ያንቺው ቫሊድ ነው፣ ሳውንድ ግን አይደለም። ልብ በይ፣ የሌሊት ወፍ በርግጥም ትበራለች። ድምዳሜው እውነት ስለሆነ ብቻ ሙግቱን አትመኚው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ መነሻዎቹ እውነት ሆነው ድምዳሜውን የማይሸከሙበት። አንድ ማታ ስልኬ ቻርጅ አላደርግ አለኝ። «ቻርጀሩ ከተበላሸ ስልኩ ቻርጅ አያደርግም። ይኸው ቻርጅ አያደርግም። ስለዚህ ቻርጀሩ ተበላሽቷል» አልኩና በማግስቱ አዲስ ገዛሁ። ያው ሆነ። በኋላ በባትሪ ሳየው የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቋል። በስቴኪኒ ቀስ ብዬ ሳወጣው የድሮው ቻርጀር ሠራ። ሁለቱም መነሻዎቼ እውነት ነበሩ። ግን ስልክን ቻርጅ የሚከለክለው የተበላሸ ቻርጀር ብቻ አይደለም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መነሻዎቹ እውነት ሆነው ድምዳሜው ውሸት የሚሆንበት ሁኔታ ፈልጊ። አንድ ካገኘሽ ሙግቱ ኢንቫሊድ ነው።

ይህን መሞከሪያ ኢንደክቲቭ ሙግት ላይ፣ ማለትም ካየነው ተነስቶ ስላላየነው በሚደመድም ሙግት ላይ፣ ካመጣሽው ግን አንድም አይተርፍልሽም። ኢንደክቲቭ ዋስትና አይሰጥም፤ የሚሰጠው «ሊሆን ይችላል»ን ነው። ስለዚህ ቫሊድ ወይም ኢንቫሊድ አንለውም፤ ጠንካራ ወይም ደካማ እንለዋለን። ደግሞ ደረጃ አለው። አዲስ መረጃ ሲመጣ ትናንት ጠንካራ የነበረው ዛሬ ሊደክም ይችላል። አውሮፓውያን ለዘመናት ያዩት ስዋን (አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ) ነጭ ብቻ ስለነበር «ስዋን ሁሉ ነጭ ነው» ይሉ ነበር። በ1697 እ.ኤ.አ. የሆላንድ መርከበኞች ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ጥቁር ስዋን አዩ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ በእውን የሆነ ነገር ይመስላል። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መለሱ። መጽሔቱም በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ እጩው ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ምን ተፈጠረ? ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ከብዙው ሕዝብ የተሻለ ኑሮ ነበረው። ካርዱ ከደረሳቸው አብዛኞቹ ደግሞ ጭራሽ አልመለሱም። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ 50 ሺህ ገደማ ሰዎች ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። ብዛት ይጠቅማል። ግን አመራረጡ ከተዛባ ብዛቱ ስህተቱን አያርመውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ካንቺ ጎን ነኝ። ጥያቄው ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ካልነገረሽ «ደካማ ነው» ብሎ መፍረድም ይከብዳል፤ ትክክለኛው መልስ «ለመመዘን መረጃው አይበቃም» ይሆናል። የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ሂጂ፤ ስለ አመራረጡ የተጻፈ ነገር ካለ አብራችሁ እዩት።