ደም ማነስና ጨጓራ ላለባት እህታችን፦ ቡናን ትቶ ወደ ሻይ መዞር ይሻላል ወይ?

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ቡና ትወጃለሽ፣ ግን ጨጓራሽ ያስቸግርሻል። ሰሞኑን ደግሞ ደም ማነስ አለብሽ ተብለሽ የአይረን (ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገው የብረት ማዕድን) ክኒን ጀምረሻል። ቤት ያሉት ሁሉ «ቡናውን ተዪው፣ ሻይ ነው ለጤና የሚሻለው» ይሉሻል። እውነት ነው ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽን።

እኔ እዚሁ አዳማ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይህ ጥያቄ ባንኮኒው ላይ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዋናውን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ደም ማነስ ላለባት ሴት ሻይ ከቡና አይሻልም። ከምግብ ጋር ከተጠጣ እንዲያውም ሻዩ ይብሳል።

ለምን መሰለሽ? ሻይም ቡናም ውስጥ ፖሊፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጠቆር ያለ ሻይ ስትጠጪ አፍሽን የሚያደርቀው ታኒን ከነዚህ ወገን ነው። ሆድ ውስጥ ሲገቡ ከአይረኑ ጋር ይጣበቃሉ። የተጣበቀው አይረን ወደ ደም አይገባም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ይህን ለክቶታል። ሰዎች ሀምበርገር እየበሉ ቡና ሲጠጡ ሰውነታቸው የሚወስደው አይረን በ39 በመቶ ቀነሰ። በቡናው ፈንታ ሻይ ሲጠጡ ግን በ64 በመቶ ቀነሰ። ከሁሉ የሚገርመኝ ስለ ሰዓቱ ያገኙት ነው። ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ጎዳ።

አሁን የእኛን ማዕድ አስቢው። ሥጋ ውስጥ ያለው ሄም የሚባለው የአይረን ዓይነት በሻይና በቡና ብዙም አይነካም፤ በሀምበርገሩ ጥናትም የተለካው ከዚህ ውጪ ያለው አይረን ነው። የምስሩ፣ የሽሮው፣ የጎመኑ፣ የጤፉ አይረን ነው የሚነካው። በጾም ደግሞ ያለን አይረን በሙሉ ከእህልና ከአትክልት ነው። ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይደርቅ ጀበና ይጣዳል። ጀበና ከሌለ ሻይ ይመጣል። ጠዋትም ዳቦ በሻይ ነው። ከምግቡ የምናገኛትን ትንሽ አይረን በዚያው ሰዓት እናባክናታለን ማለት ነው። የወር አበባ የምታይ፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ሴት ደግሞ አይረን የሚያስፈልጋት ከወንድ ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ነገር ከሁሉም በላይ እናንተን ይመለከታል።

ክኒኑም እንደዚሁ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የአይረን ክኒን የሚውጡት በሻይ ነው። ማንም አልነገራቸውማ። ወራት ወስደው ሄሞግሎቢናቸው (በምርመራ የሚታየው የደም ልክ) ፈቀቅ ሳይል ሲቀር «መድኃኒቱ አይሠራም» ብለው ይመለሳሉ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው በምን እንደሚውጡት ነው። አንቺ በውኃ ዋጪው። ብርቱካን ወይም የሎሚ ጭማቂ ካገኘሽ በሱ ብታደርጊው ደግሞ የተሻለ ነው፣ ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ያግዛልና። ከወተት ጋር አትውሰጂው። ለቃር የሚላመጠውንም ክኒን ካንድ ላይ አትውሰጂ። ሽሮው ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ፣ ከምስሩ ጋር ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት ሰላጣ መብላትም ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ጨጓራሽ ልምጣ። ቡና የሆድ አሲድን ይጨምራል። የታመመ ጨጓራ ላይ ሲፈስ ያቃጥላል፣ ቃርም ያስነሳል። ይህ እውነት ነው። ግን ቁስሉን የሚፈጥረው ቡና አይደለም። ዋነኞቹ ጥፋተኞች ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያና እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች። ራስ ምታት በመጣ ቁጥር ዲክሎፌናክ የሚገዛ ሰው ቡናውን ቢተው ጨጓራው አይድንለትም።

እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። ጨጓራና ደም ማነስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሲገኙ ለየብቻ መታየት የለባቸውም። የጨጓራ ቁስል ቀስ በቀስ ሊደማና ደምሽን ሊጨርስ ይችላል። ኤች ፓይሎሪ ራሱም አይረን በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም የሆድ አሲድን ስለሚቀንስ አይረን ላይ ትንሽ ጫና አለው። ስለዚህ ሐኪምሽን «የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ካልተደረገልሽ ይደረግልሽ። የአይረን ክኒን ሰገራን ያጠቁራል፣ በዚህ አትደንግጪ። ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ጥቁር ከነበረ ግን፣ ወይም አሁን እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ሳታውዪ ሳታሳድሪ ታዪ።

ያንቺ ጉዳይ አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ነው። ጨጓራሽ «በባዶ ሆድ አትጠጪ» ይላል። ደም ማነስሽ ደግሞ «ከምግብ ጋር አትጠጪ» ይላል። እኔ እንዳንቺ ላሉት የምመክረው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢን ነው። ቁርስ ከተበላ ሁለት ሰዓት ያህል አልፏል፣ ምሳ ገና ነው። ሆዱ ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን ትንሽ የቡና ቁርስ ይኑር፤ ዳቦ ወይም እፍኝ ቆሎ ይበቃል። ዋናው አይረንሽ ያለው ምሳና እራቱ ላይ ስለሆነ ቆሎው ላይ የሚባክነው ትንሽ ነው። ሁለተኛ ካማረሽ ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። ካፌይን በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። እንቅልፍ አጥታ ያደረች ሴት ጠዋት ድካሙን ከደም ማነሱ ነው ብላ ታስባለች።

ቡናውን ጨርሰሽ ተዪ የማልልሽ ጥቅም ስላለው ነው። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች በዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ በጉበት በሽታና በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ በቀን ከ3 እስከ 4 ስኒ የሚጠጡት ላይ የተሻለ ውጤት አግኝቷል። እነዚህ በአብዛኛው ሰዎችን እየተከታተሉ የተሠሩ ጥናቶች ናቸው። ስለዚህ ቡናን እንደ መድኃኒት ጠጪ አልልሽም። መርዝ ነው ብሎ ማስፈራራት ግን ልክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2016 መልሶ አውጥቶታል።

የጀበና ቡና ግን አንድ ነገር አለው፣ ኮሌስትሮል ያለባቸው ይስሙት። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ማጣሪያ ያለፈ ቡና ላይ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ተፈልቶ አተላው የሚዘቅጥ ቡና ላይ ግን አብሮ ይጠጣል። የደም ቅባት ከፍ ብሏል የተባለ ሰው ከአቦል እስከ በረካ በቀን ሁለት ጊዜ ከሚያደርገው ቢቀንስ፣ ቤቱም በወረቀት ማጣሪያ ቢያፈላ ጥሩ ነው። ሻይ ይህ ችግር የለበትም።

የሻይ ጥቅሙ ለኔ የሚታየኝ ልስላሴው ነው። 240 ሚሊ ሊትር ቡና ውስጥ በአማካይ 95 ሚሊግራም ያህል ካፌይን አለ። በዚያው ልክ ጥቁር ሻይ ውስጥ 47 ገደማ ነው። ሻይ ውስጥ ቲያኒን የሚባል የሚያረጋጋ ነገርም አለ። ቡና ልባቸውን የሚያስመታቸው፣ እጃቸውን የሚያንቀጠቅጣቸው ሰዎች ሻይ ቢመርጡ ትክክል ናቸው። (ስፕሪስ የሚወዱ «መሀል ቤት ነው» ይሉኛል። ካፌይኑ መሀል ላይ ሊሆን ይችላል፤ አይረን ላይ ግን ሁለቱም ያው ያግዳሉ።)

ሻያችንን የሚያበላሸው ስኳሩ ነው። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚያመርት ጎረቤታችን ነው፣ እኛም ሻይ ስናጣፍጥ አንሳሳም። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው። በብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ በቀን 4 ብርጭቆ ብትጠጪ 48 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም አካባቢ አይለፍ ይላል፣ ያውም ከሌላው ጣፋጭ ጋር ተደምሮ። ለስኳር ታማሚ «ሻይ ይሻላል» የሚል ሰው ስኳሩን አልቆጠረም። ቀረፋና ቅርንፉድ በደንብ ከገባበት በግማሽ ማንኪያ ይጠጣል፣ ምላስ ቶሎ ይለምደዋል።

ትኩስነቱም ይታሰብበት። ያው የካንሰር ተቋም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ የጉሮሮ ቱቦ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው በ2016 አስታውቋል። ቡናም ይሁን ሻይ ለውጥ የለውም፤ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የሚፈለገው።

በኛ አካባቢ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን። ከተማችን ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውኃ ነው የሚጠጣው፤ በወንጂና በዙሪያው ገጠር ያሉ ጉድጓዶች ግን ፍሎራይዳቸው ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሚለው፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የበለዙት ጥርሶች ከዚህ የመጡ ናቸው። አጥንትም ይጎዳል። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ከአፈር ስቦ የሚያከማች ተክል ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ላይ ይጠነክራል። የጉድጓድ ውኃ የምትጠጡ፣ በተለይ ልጆች ያሏችሁ፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የሚውል ወፍራም ሻይ አታብዙ።

ልጆችን ካነሳሁ ይህንንም ልበል። ለሕፃን በጡጦ ሻይ የሚሰጡ እናቶች አሉ፣ ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትም። ግን ለሕፃን ሻይ አይረኑን የሚነጥቅና ሆዱን በባዶ የሚሞላ ነገር ነው። ቢቀር ይሻላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ ካፌይንሽ በቀን ከ200 ሚሊግራም አይለፍ። በእርግዝና ጊዜ ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ጤና አዳም ያለበትንም ቡና በዚያን ጊዜ ተዪው፣ ማህፀን ላይ ሊሠራ ይችላል።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስድ ሰው ቡና ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ካፌይኑ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚይዘው ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። የእንቅርት ክኒን ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ በውኃ ዋጡት፣ ቡናው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ይቆይ። ግፊት ለመለካት ስትመጡም ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያሳስታል።

ጨጓራሽ እስኪድን ሐኪም «ለጊዜው አቁሚ» ካለሽ ግን በአንዴ አትቁረጪው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል። በረመዳን መጀመሪያ ሰሞን፣ በጾም ጊዜም ብዙ ሰው በዚህ ራስ ምታት ነው ወደኛ የሚመጣው። ሦስት ስኒ ከሆነ ሁለት፣ ከዚያ አንድ እያልሽ በሳምንት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ቀንሺ። ራስሽን ካመመሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ዲክሎፌናክ እንዳትነኪ። ካፌይን የተቀላቀለበት ፓራሲታሞልም ስላለ ማሸጊያውን አንብቢ።

አሁን የአይረን ክኒንሽን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትወስጂና ለጨጓራሽ ምን እንደታዘዘልሽ ጻፊልኝ። ቡናሽን የት ብናስገባው እንደሚሻል ከዚያ ተነስተን እናየዋለን።